ንጹሕ ካርድ፣ ግትር ጀርባ

በሁለት ሺህ ስድሳ ስምንት ዓ.ም. ደሴ ውስጥ ማን በሽተኛ እንደሆነ ለማወቅ ሰውዬው እስኪታመም መጠበቅ ቀርቶ ነበር። ሕፃን ሲወለድ ከተረከዙ አንዲት ጠብታ ደም ይወሰዳል፤ በሳምንቱ ካርዱ ይመጣል። ካርዱ ላይ ልጁ ወደፊት የሚታመመው ሁሉ በቀለም ተለይቶ ሰፍሯል። አረንጓዴ ማለት ንጹሕ ነው። ቢጫ ማለት ጀርባ ነው። ሌሎቹን ቀለሞች አሁን አላነሳቸውም፤ የማወራችሁ ስለ ጀርባ ነው።

ቢጫ ካርድ የሚሰጠው ደሙ ውስጥ ቢ ሃያ ሰባት የሚሉት ምልክት ለተገኘበት ሰው ነው። እኛ አሳጥረን ሃያ ሰባት እንላለን። እገሌ ሃያ ሰባት ነው፣ የእነ እገሌ ልጅ ሃያ ሰባት ናት ሲባል ዕድሜ የሚመስለው ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ብቻ ነው። ሃያ ሰባቶች በየቀኑ ልክ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ከመኝታ ቤታቸው ግድግዳ በሚወጣ ድምፅ ይቀሰቀሳሉ፤ ቢጫ ሰደርያቸውን ለብሰው ሜዳ ይወጣሉ። ጎንበስ፣ ቀና፣ ዞር ይላሉ። በየአስራ አምስት ቀኑ መርፌ ይወጋሉ። ከባድ ዕቃ ማንሳት አይፈቀድላቸውም። ባስ ውስጥ ለስላሳው ወንበር የእነሱ ነው። ከእነሱ ውስጥ እንደ ባሕር ዛፍ ቀጥ ያለ ጀርባ የሌለው ጥቂት ነው። በሽታው ሳይመጣባቸው ሠላሳ አርባ ዓመት ታመው ይኖራሉ።

ኢዮስያስ ግን አረንጓዴ ነበር። የጎረቤቴ የናሆም ልጅ ነው፤ ከናሆም ጋር አንድ አጥር ነው የምንጋራው። ልጁ የባስ ባትሪ ከሚቀየርበት ጋራዥ ይሠራል። ገና ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሊነጋጋ ሲል ጀርባው ይቀሰቅሰዋል፤ ከዚያ በኋላ መተኛት የለም። ከአልጋው ለመነሣት መጀመሪያ በጎኑ ይገለበጣል፣ ቀጥሎ በክርኑ ይደገፋል፣ ቀጥሎ ትንሽ ያርፋል። ከልብስ መስቀያ ሽቦ የሠራት መንጠቆ አለችው፤ ካልሲውን የሚያጠልቀው በእሷ ነው። ሰው ከኋላ ከጠራው አንገቱን ማዞር አይሆንለትም፤ እንደ ቁም ሳጥን ሙሉ ሰውነቱን ይዞ ነው የሚዞረው።

የከፋው ደግሞ ሲሠራ የሚለቀው፣ ሲያርፍ የሚይዘው መሆኑ ነው። ረፋድ ላይ ባትሪ እየገፋ ላብ ሲያጠምቀው ይፍታታል። አለቃው ያኔ ያየውና፣ "ደህና ነህ እኮ፤ አንተን የሚያምህ መነሣቱ ነው" ይለዋል። አባቱም የሚለው ይኸንኑ ነው።

አንድ ቀን ይዤው ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ደግ ልጅ ነች። ዳሌውና አከርካሪው የሚገናኝበትን ቦታ ፎቶ አንስታ ብዙ አየችው።

"ምን አገኘሽ፣ ልጄ?" አልኳት።

"አባባ፣ ሰውነታችን ዘበኛ አለው፤ ተሐዋሲ ሲገባ የሚደበድብ። የእሱ ዘበኛ የቤቱን ሰው ሌባ ብሎ ይዟል። ጅማት አጥንት ላይ የሚተከልበትን ቦታ ነው የሚደበድበው። አጥንቱ ደግሞ በተደበደበ ቁጥር ልጠገን እያለ ያለቦታው ይበቅላል። አንዱ አንጓ ከሌላው ይያያዛል።"

"መድኃኒት የለውም?"

"አለው። ያ ሃያ ሰባቶች የሚወጉት መርፌ ነው። ዘበኛውን ረጋ ያደርገዋል።"

"እንግዲያው ውጊው።"

ሐኪሟ ማሽኑን ወደ እኔ አዞረችልኝ። የጀርባ ገጽ የሚባለው ለአረንጓዴ ካርድ አይከፈትም። የመድኃኒቱም ሣጥን አይከፈትም። "እኔ በሽታውን አየሁት፤ መዝገቡ ግን አያየውም" አለችኝ። ከማሽኑ የወጣው ወረቀት ላይ "ጤነኛ" የሚል ማኅተም ነበረበት። ስንወጣ በጆሮዬ፣ "መያያዝ ጀምሯል፤ ዓመት ሁለት ዓመት ቢቆይ ነው። የተያያዘ አጥንት ደግሞ አይላቀቅም" አለችኝ።

ከሀሴት ጋር የተገናኙት እንግዲህ በዚያው ሰሞን ባስ ውስጥ ነው። ሀሴት ሒሳብ ታስተምራለች። ሃያ ሰባት ናት፤ ሰርግ ቤት እስክስታ ስትወርድ ሌላው ቦታ ለቅቆ የሚያያት ልጅ። ጀርባዋን አንድም ቀን አሟት አያውቅም። የሚያማት መርፌው ነው። የሰውነቷን ዘበኛ ስለሚያስተኛው ጉንፋን ከቤቷ አይወጣም፤ አንድ ክረምት ሳንባዋን ታማ ሦስት ወር ተኝታለች። መዝገቡ ይህን "በመከላከል ወቅት የሚያጋጥም" ብሎ አልፎታል።

የዚያን ዕለት ኢዮስያስ የባሱን ብረት ይዞ ቆሞ ፊቱ ሲያልበው አየችና ከለስላሳው ወንበር ተነሣች። "ና፣ ተቀመጥ" አለችው። ተቀመጠ። ባሱ ቆመ። "ቢጫ ካርድ ያላቸው ተሳፋሪ ቆመዋል፤ ለደኅንነታቸው ሲባል ጉዞው ተቋርጧል" የሚል ድምፅ መጣ።

"አንቺ ልጅ፣ ተቀመጪና እንሂድበት" አለ አንዱ።

"እሱ አሞታል" አለች ሀሴት።

"ካርዱ አረንጓዴ አይደለም እንዴ? ከየት አምጥቶ ነው የሚያመው?"

ከኋላ አንዲት ሴትዮ፣ "ቆንጆ ሲያይ ጀርባው ይነሣበታል" አሉ፤ ባሱ ሙሉ ሳቀ።

ኢዮስያስ ብረቱን ተደግፎ እንደምንም ተነሣ፤ ሀሴት ተቀመጠች፤ ባሱ ሄደ። እሱም ብረቱን እንደያዘ፣ "ይቅርታ፣ በጤንነቴ አስቸገርኩሽ" አላት። ከቧንቧ ውሃ ሰፈር እስከ ሰኞ ገበያ ድረስ ሳቋ አልቆመም ብሎ ነግሮኛል።

በጥቂት ወር ውስጥ ሊያገባት ፈለገ። ናሆም እንቢ አለ።

"ቤታችን ቢጫ ገብቶበት አያውቅም" አለኝ አጥሩ ላይ ተደግፎ። "ሰባት ቤት አረንጓዴ ነን። በሽታ ልውለድ ነው የሚለው?"

"ናሆም፣ የልጅህን ጀርባ አይተኸዋል?"

"ስንፍና ነው። የእኔ ልጅ ጤነኛ ነው፤ ማኅተም አለው።"

"ማኅተሙ ካልሲ ያደርግለታል?"

ሁለት ሳምንት አኩርፎ ሰነበተ፤ በመጨረሻ፣ "ሽማግሌ ልትሆን ነው አሉ፤ ሂድ፣ እኔን ግን አትጥራኝ" አለኝ።

ሦስት ሽማግሌ ሆነን በመስቀል ማግስት ወደ ሀሴት ቤት ሄድን። ድሮ ሽማግሌ ሥራ ነበረው። የወንዱንና የሴቷን ዘር በአባትም በእናትም ሰባት ቤት ድረስ እንቆጥራለን፤ አንዱ አያት ከጠፋ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ አገር ለአገር እንዞራለን። አሁን ካርድ ከካርድ ይነካል፣ ዝምድና ከሌለ አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ አለቀ። እኔም ቆጠራውን ለካርዱ ከተውኩት ሃያ ዓመት ሆኖኛል። የእኛ ሥራ ጋቢያችንን አስተካክሎ መቀመጥ ብቻ ሆኗል።

የሀሴት እናት እትዬ ሳምራዊት ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ባል የላቸውም፤ ልጅም ሀሴት ብቻ ናት። አስገብተው አስቀመጡን፤ የልጆቹ ካርዶች ተነካክተው አረንጓዴው መብራት ሲበራ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

"ጋሽ ሮቤል፣ ልጁ ምን አለው ብዬ አልጠይቅዎትም" አሉኝ። "ጠዋት ጠዋት እንዴት ነው የሚነሣው?"

"በጎኑ ተገልብጦ" አልኩ።

"ሀሴት ነግራኛለች። ያ በሽታ ነው፤ አርባ ዓመት ሳየው ኖሬያለሁ።"

"ሃያ ሰባት ግን አይደለም።"

"እኔ ሃያ ሰባት ነኝ። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ጀርባዬን አሞኝ አያውቅም። ከእኛ ከሃያው አንዱ ቢታመም ነው። ምልክቱ ያልተቆለፈ በር ማለት ነው እንጂ ሌባው ራሱ አይደለም። የአንዱ ከአንጀት ይጀምራል፣ የአንዱ ከሌላ ምልክት፣ የአንዱ ከምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። በሩ ተቆልፎለት በመስኮት የተገባበትም አለ። ይኼ ልጅ እንደዚያ ነው።"

"ሐኪሟ ዓመት ሁለት ዓመት ነው ያለችው" አልኩ። "ከዚያ በኋላ ጀርባው እንደ በር መዝጊያ ነው የሚሆነው።"

ሀሴት ከጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማለች። "የእኔን ልስጠው ብዬ ሞክሬ ነበር" አለች። "መርፌው ክንድ ያነባል። የእሱን ክንድ ሲያይ ተቆለፈ።"

ይኼኔ ነው እኔ አዋቂ የሆንኩት። ልጆቼ፣ ሰው በሕይወቱ አንድ ቀን አዋቂ ቢሆን ያን ቀን ተጠንቀቁት።

ከዓመታት በፊት የባህል ዝምድና አዋጅ የሚባል ወጥቶ ነበር። የጡት ልጅ፣ ማለትም ሽማግሌ ፊት ከአሳዳጊው አውራ ጣት ማር የጠባ ሰው፣ "በማናቸውም ረገድ" እንደ ማኅፀን ልጅ ይቆጠራል ይላል። የጤናው አዋጅ ደግሞ የቢጫ ልጅ የሆነ ሁሉ፣ የራሱ ካርድ አረንጓዴ ቢሆንም፣ ለጥንቃቄ መርፌውን ያገኛል ይላል። ሁለቱን ያወጡት መሥሪያ ቤቶች አንዱ በሌላው ደጅ አልፎ አያውቅም። እኔ ግን በብዙ የጡት ልጅነት ላይ ምስክር ሆኜ ፈርሜያለሁና ሁለቱንም አውቃለሁ።

"ሃያ ሰባት የሆነች እናት ነው የምንፈልግለት" አልኩ።

እትዬ ሳምራዊት ወዲያው፣ "ሌላ ቤት ምን አስኬደን? እኔ አለሁ፤ ማርም አለ" አሉ።

"ልጅ ሊሆንዎት ነው እንግዲህ፤ አማች አይደለም" አልኩ።

"አማችነት ይቅርብኝ፣ ልጅ ይሻለኛል።"

ሁላችንም ሳቅን። እውነቴን ነው፣ ሦስት ሽማግሌ፣ አንዲት ነርስ፣ አንዲት የሒሳብ አስተማሪ ተቀምጠን ሳቅን።

ኅዳር ላይ ሥርዓቱ ተፈጸመ። ኢዮስያስ ጎንበስ ማለት አልቻለም፤ እትዬ ሳምራዊት ደግሞ አጭር ናቸው። ስለዚህ እሳቸው በርጩማ ላይ ቆመው አውራ ጣታቸውን ማር ነክረው ወደ አፉ አቀበሉት። ሀሴት ትቀርጻለች፣ ታጨበጭባለች። እኔ ፈረምኩ። በአራተኛው ቀን ካርዱ ላይ ቢጫ መስመር ወጣለት፣ ሣጥኑ ተከፈተለት፣ ተወጋ።

ሦስተኛውን መርፌ ከተወጋ በኋላ አንድ እሑድ ቤቴ መጣ። ወንበር ስቤ ብሰጠው አልተቀመጠም።

"ጋሼ፣ ይዩ" አለኝ። ጫማውን አወለቀ፣ ጎንበስ ብሎ መልሶ አደረገ፣ ክሩን አሰረ። ፈታና እንደገና አሰረ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ እዚያ የሚታይ ነገር ኖሮ አይደለም።

"እንቅልፍስ?"

"እስኪነጋ እተኛለሁ። ማለቴ እተኛ ነበር። ቢጫ መስመር ካገኘሁ ወዲህ ግድግዳው ነው በአስራ ሁለት ሰዓት የሚቀሰቅሰኝ።"

እንዲህ ሆነው ሁለቱ በየአስራ አምስት ቀኑ አብረው መወጋት ጀመሩ፤ እሱ ስለታመመ፣ እሷ ስለተመዘገበች። ናሆም "ቤቴን ቢጫ አስቀባችሁት" ብሎ ለሳምንት በሌላ በር ወጣ፣ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ልጁ ውኃ የሞላ ጀሪካን አንስቶ ሲያልፍ አየና ሰላምታ መልሶ ጀመረ።

ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ። ድንኳን ተያዘ፣ የጥሪ ወረቀት ታተመ። ሐሙስ ዕለት ጋብቻውን ለማስመዝገብ አምስታችን፣ ሁለቱ ሙሽሮች፣ እትዬ ሳምራዊት፣ ናሆምና እኔ፣ የሰፈሩ ጽሕፈት ቤት መስኮት ፊት ቆምን። መስኮቱ ውስጥ አርባ የሚሆናት፣ ወፍራም መነጽር ያደረገች ሴት አለች። ሁለቱን ካርዶች አነካካች። መብራቱ ቀይ ሆነ። እንደገና አነካካች።

"ዝምድና አላችሁ" አለች በትሕትና። "ወንድምና እህት ናችሁ። የአንድ እናት ልጆች፣ የሳምራዊት።"

ሰባት ቤት መቁጠር የነበረብኝ እኔ ነኝ። አንድ ቤት እንኳ አልቆጠርኩም።

"የጡት ነው እኮ" አልኩ።

"በማናቸውም ረገድ ይላል፣ አባባ።"

"በመስከረም አነካክተን ዝምድና የለም ብሎናል።"

"በመስከረም አልነበራችሁም።"

እትዬ ሳምራዊት ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። "የእኔን ልጅ ከእኔ ሰርዢያት። ሀሴትን።"

"የማኅፀን አይሰረዝም፣ እናቴ። የጡት ግን ይሰረዛል። እዚህ ጋ መንካት ነው። ከተሰረዘ በዚያው ቅጽበት የጤና መብቱ ይቋረጣል፤ አዲስ እናት ለማግኘት ደግሞ አምስት ዓመት ይጠበቃል።"

ስክሪኑ ላይ ሁለት ቃል ወጣ። አንዱ "ይሰረዝ"፣ ሌላው "ይጽና"።

"ይሰረዝ" አለ ናሆም። "ድንኳኑ ለእሑድ ነው። አምስት ዓመት ምን አላት? ጀርባው ይደርሳል።"

"አይደርስም" አልኩ። "ዓመት ሁለት ዓመት ነው የተባለው።"

ናሆም ወደ ልጁ ዞረ። ኢዮስያስ ስክሪኑን እያየ ነው። "ይሰረዝ" አለ እሱም። "ጋሼ፣ ጀርባዬን እኔ አውቀዋለሁ፤ ኖሬበታለሁ። ሀሴትን ነው የምፈልገው።" እጁን ወደ መስታወቱ ዘረጋ።

ሀሴት እጁን ያዘችው። ኃይለኛ አያያዝ አልነበረም፤ ልጅ ምድጃ እንዳይነካ እንደሚያዝ ነው።

"እኔን ትፈልገኛለህ፤ ጥሩ" አለችው። "እኔ ደግሞ ልጁን ከመሬት የሚያነሣ ሰው ነው የምፈልገው። ከወጣትነቱ ደርቆ ግድግዳ የሚያክል ባል ምን ያደርግልኛል?"

"በሕግ ሳንጋባ?"

"በሕግማ ዕድሜዬን ሙሉ በሽተኛ ነኝ። አሞኛል?"

ወደ መስኮቱ ዞረች። "ይጽና" አለች። "እኛ ለጋብቻ አልመጣንም፤ ተሳስተን ነው። አድራሻ ለማስተካከል ነው። አብረን ልንኖር ነው።"

ሴትዮዋ ሌላ ቅጽ አወጣች። "አንድ ቤት?"

"አንድ ቤት።"

"ስንት ክፍል?"

"አንድ መኝታ ቤት ነው ያለው" አለ ኢዮስያስ። ሀሴት እግሩን ረገጠችው፤ ሴትዮዋ ግን እየጻፈች ነበር።

"እስከ መቼ ድረስ ነው አብራችሁ የምትኖሩት?"

ሀሴት አየችው። እሱም አያት፤ አንገቱን ብቻ አዙሮ ነው ያያት።

"እስክናረጅ" አለ። "ከዚያም በኋላ።"

ሴትዮዋ ብዕሯን አቆመች። "አስራ አምስት ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ እንዲህ የሚተሳሰብ ወንድምና እህት አይቼ አላውቅም" አለች። "የእኔ ወንድም በዓመት አንዴ ነው የሚደውለው፤ እሱም ተሳስቶ።" ማኅተሙን መታች። ምስክር የሚለው ቦታ ላይ እኔ ፈረምኩ፤ ከእኔ ሥር ናሆም ፈረመ።

ጉዳያችን አልቆ ልንወጣ ስንል ነው እትዬ ሳምራዊት የተሳሳቱት። ደግ ቃል የተናገራቸውን ሰው ሳይጠሩ መሄድ አልሆነላቸውም። ቦርሳቸውን ከፍተው የጥሪ ወረቀት አወጡና በመስኮቱ አሳለፉ። "የእኔ ልጅ፣ እሑድ እንዳትቀሪብን" አሏት።

ሴትዮዋ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አነበበች። የሙሽራውን ስም አነበበች፤ የሙሽራይቱን ስም አነበበች። ከፊቷ ያለውን ቅጽ አየች፤ እንደገና ወረቀቱን አየች። ከኋላችን የተሰለፈ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሀሴት የኢዮስያስን እጅ አልለቀቀችም፤ እኔ ጋቢዬን ያለ ምክንያት አስተካከልኩ።

ሴትዮዋ የጥሪ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቅጹን ደግሞ ከተፈጸሙት ጋር ደረበችው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"እመጣለሁ" አለች። "ይቺ መነጽር ግን እሑድ ቢሮ ነው የምትውለው።"